ከየኔታ ጆሮ ወደ ተማሪው ጆሮ፦ ማኅሌትና ቅኔ እንዴት ይወረሳሉ?

ግንቦት 1 ቀን የአዲስ አበባዋ ልደታ ሰፈር ሌላ መልክ አላት። በየግቢው ንፍሮ ይቀቀላል፣ ቡና ይፈላል፣ ጎረቤት ይጠራራል። ከዋዜማው ማታ አንሥቶ ደግሞ በልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ማኅሌት ይቆማል። ነጭ የለበሱና የጠመጠሙ ሊቃውንት በግራና በቀኝ ተሰልፈው ሌሊቱን ያነጋሉ። መቋሚያው አንድ ላይ ይነሣል፣ አንድ ላይ ይወርዳል። ጸናጽሉ እኩል ይመታል። ከበሮው በርጋታ ጀምሮ እየፈጠነ ይሄድና ወረቡ ላይ ሲደርስ ሕዝቡ በጭብጨባና በእልልታ ያጅባል።

ከእነዚህ ሊቃውንት አንዱ ጎጃም፣ ሌላው ጎንደር፣ ሦስተኛው ወሎ ወይም ሸዋ የተማረ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በፊት ተያይተው የማያውቁ እንኳ ቢሆኑ፣ የተማሩት ስልት አንድ እስከሆነ ድረስ ጎን ለጎን ቆመው መዘመም አያስቸግራቸውም። መሪጌታው ሲጀምር ሌላው ይቀበላል፤ የት እንደሚረግጡ፣ የት መቋሚያ እንደሚያነሡ፣ የት ከበሮ እንደሚገባ ሁሉም ያውቃሉ። አብዛኛውም በቃል የተያዘ ነው። ይህን ያህል ሰፊና ረቂቅ ጥበብ፣ ያለ ዩኒቨርሲቲና ያለ ኦርኬስትራ መሪ፣ ከመቶ ዓመት ወደ መቶ ዓመት እንዴት ተሻገረ? መልሱ አንድ መምህርና በአጠገቡ የሚያድር ተማሪ ነው። እንዴት እንደሚሠራ ግን በቅርብ ማየት ያስፈልጋል፤ ብዙዎቻችን ውጤቱን በየዓመቱ እየሰማን ሂደቱን አናውቀውምና።

የዜማው አባት ቅዱስ ያሬድ ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት፣ በአፄ ገብረ መስቀል ዘመን አክሱም ላይ እንደ ነበረ ትውፊቱ ይናገራል። ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉት ሦስት የዜማ ስልቶችም የእርሱ ናቸው። ታሪኩን ያልሰማ የለም፤ ያሬድ መጀመሪያ ትምህርት የማይገባው ልጅ ነበር፣ መምህሩና አጎቱ ጌዴዎን ቀጣው፣ ሸሽቶ ዛፍ ሥር ሲቀመጥ ትል ደጋግማ እየወደቀች በመጨረሻ ስትወጣ አየ፣ ተመለሰ። ስለ ትሏ ብዙ ተነግሯል። እኔን የሚገርመኝ ግን መመለሱ ነው። ያሬድ ለብቻው አልተማረም፤ ወደዚያው መምህር፣ ወደዚያው ወንበር ተመለሰ። የኢትዮጵያ ዜማ ታሪክ የሚጀምረው በአንድ ደካማ ተማሪና እንደ ገና በተቀበለው መምህር ነው።

ምልክቱ ለሚያውቅ ብቻ

የትምህርቱ ቅደም ተከተል በአጭሩ እንዲህ ነው። ልጁ ንባብ ቤት ገብቶ ፊደል ይቈጥራል፣ መልእክተ ዮሐንስንና ወንጌለ ዮሐንስን ያነባል፣ ዳዊት ይደግማል። ከዚያ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ አቋቋም ቤት፣ በመጨረሻም መጻሕፍት ቤት አለ። ሁሉንም የሚጨርስ ጥቂት ነው፤ የሚጨርስም ወጣትነቱን በሙሉ ይሰጣል። ብዙዎች በአንዱ ወይም በሁለቱ ሙያ ጠንቅቀው ይወጣሉ።

ዜማ ቤት ውስጥ ዋናው መጽሐፍ ድጓ ነው። ድጓ የዓመቱን በዓላትና ወቅቶች ተከትሎ የተዘጋጀ የመዝሙር ባሕር ነው። በቃሉ መስመር ላይ፣ በጣም ደቀቅ ባለ ጽሕፈት፣ ምልክት የተባሉ ፊደላትና ነጥብ መሰል ጭረቶች ይታያሉ። በትውፊቱ መሠረት እነዚህን ምልክቶች ያደራጁት በ16ኛው መቶ ዓመት፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በወሎ አማራ ሳይንት ባለችው ተድባበ ማርያም የነበሩት ጌራና ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት ናቸው። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሒደት፣ ቁርጥ እየተባሉ የሚጠሩት የድምፁን አካሄድ ይመራሉ፤ የት እንደሚረዝም፣ የት እንደሚወርድ፣ የት እንደሚቆረጥ። ከእነዚህ ሌላ በመቶዎች የሚቈጠሩ የፊደል ምልክቶች አሉ።

የዚህ ሥርዓት ምሥጢር እዚህ ላይ ነው። የአውሮፓ የሙዚቃ ጽሕፈት የሚያነብ ሰው ሰምቶት የማያውቀውን ዜማ ከወረቀቱ ላይ ሊያወጣ ይችላል። የድጓ የፊደል ምልክት ግን እንዲህ አይሠራም። ምልክቱ ተማሪው አስቀድሞ የሚያውቀውን ሌላ ዜማ በአንድ ወይም በሁለት ፊደል ጠቅሶ «እዚህም እንደዚያ አዚም» ይለዋል። ያንን የተጠቀሰውን ዜማ ካልሰማ፣ ፊደሉ ለእርሱ ባዶ ፊደል ነው። ስለዚህ መጽሐፉ ራሱ መምህር ይፈልጋል። ጌራና ራጉኤል ምልክቱን ሲያደራጁ የኔታን ለመተካት አላሰቡም፤ የኔታ ያስተማሩትን ተማሪው እንዳይረሳ አስበው ነበር። ድጓን በብራና አግኝቶ መምህር ያጣ ትውልድ ቢመጣ፣ ቃሉን ያነባል፣ ዜማውን አያገኘውም።

ሌላም የማይታይ ችግር አለ፤ የዓመቱ ዑደት። የግንቦት ልደታ ዋና ቀለም በዓመት አንድ ጊዜ ይደርሳል። ተማሪው ዛሬ ተሳስቶ ሳይታረም ካለፈ፣ ያንኑ ስሕተት ይዞ 12 ወር ይቈያል፤ በሚቀጥለው ዓመት ማኅሌት ላይ ቆሞም ለሌላው ያስተላልፈዋል። ስለዚህ ዜማ ቤት ከሁሉ በላይ የሚሠራው ማረም ነው። ተማሪው ይቀጽላል፣ የኔታ ያዳምጣሉ። አይናቸውን ጨፍነው፣ አንዳንዴም የተኙ መስለው ያዳምጣሉ። ድምፁ ከመንገዱ ሲወጣ ያስቆማሉ፣ ራሳቸው ብለው ያሰሙታል፣ ይደግማል። እስኪቃና ድረስ ይደግማል። ቀን በመጽሐፍ የተባለው ማታ በቃል ይወጣል፤ መብራት በሌለበት ጎጆ ውስጥ፣ ማስታወስና ማዳመጥ ብቻ ይቀራል።

መምህሩ አንድ ናቸው፣ ተማሪዎቹ ብዙ። ስለዚህ ሥራው ይከፋፈላል። ገፋ ያሉት ጀማሪዎቹን ይይዛሉ፤ ጀማሪው ቀለሙን በነባሩ ተማሪ ዘንድ አለስልሶ ከዚያ የኔታ ፊት ይቀርባል። ይህ የኔታን ለማገዝ ብቻ የተሠራ ዘዴ ሊመስል ይችላል። ትልቁ ጥቅሙ ግን ለነባሩ ተማሪ ነው፤ ገና ተማሪ ሳለ ማረምን ይለማመዳል። የሌላውን ስሕተት መስማት ያልቻለ የራሱንም አይሰማም። ዜማ ቤት የሚያፈራው መዘመር የሚችል ሰው ብቻ አይደለም፤ ስሕተትን የሚለይ ጆሮ ያለው ሰው ነው። ያ ጆሮ ነው ከመምህር ወደ ተማሪ የሚተላለፈው ዋናው ሀብት።

አንዱ አይለወጥም፣ ሌላው አይደገምም

የዚህን ጆሮ ዋጋ ይበልጥ የሚያጎላው ቅኔ ቤት ነው። ድጓ አንድ ፊደል ሊለወጥበት አይገባም። ቅኔ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ባለቅኔው በበዓሉ ቀን የሚያቀርበው አዲስ መሆን አለበት። ትናንት የተባለውን መድገም ነውር ነው። ታዲያ የማይለወጠውም የማይደገመውም በአንድ ዓይነት መንገድ፣ በአንድ ዓይነት ጎጆ፣ በአንድ ዓይነት የኔታ ይወረሳሉ።

ተማሪው ከሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል። ከዚያ ዘአምላኪየ፣ ሚበዝኁ፣ ዋዜማ፣ ሥላሴ እያለ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይወጣል። ቀን ቀን ብቻውን ከዛፍ ሥር ወይም ከድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቅኔ ይቈጥራል፤ ማለትም የዕለቱን ቅኔ በልቡ ያዘጋጃል። ከዚያ ለየኔታ ወይም የኔታን ለሚያግዘው አስነጋሪ ይነግራል። የኔታ ያቃኑለታል፤ ግሡ ልክ ካልሆነ፣ ቤቱ ካልመታ፣ ሰሙ ከወርቁ ካልገጠመ ያፈርሱበታል። አንዳንዴ አንዲት ቃል ቀይረው መላውን ቅኔ ያነሡታል። ተማሪው በዚያች ቅጽበት የሚማረው፣ ያቺ ቃል ለምን እንደተመረጠች ነው። ነገ ያንን ቅኔ አይጠቀምበትም፤ ምርጫውን ግን ይዞት ይሄዳል።

ቅኔ ከሰው ወደ ሰው በጆሮ ለመወረሱ ትልቋ ምስክር እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ናቸው። ጎጃም ውስጥ የቅኔ መምህር የነበሩት አባታቸው ያስተማሯቸው እኚህ ሴት ዓይነ ስውር ነበሩ። ቅኔን በጆሮ ተቀበሉ፣ በቃል ያዙ፣ አባታቸው ሲያልፉም ወንበሩን ተረክበው ተማሪዎችን አስተማሩ። የአብነት ትምህርት ወንዶች የሞሉበት ዓለም እንደሆነ የታወቀ ነው፤ ሴት ልጅ ከቤት ወጥታ፣ ደበሎ ለብሳ፣ በየደጁ እየለመነች እንድትማር የሚፈቅድ ማኅበረሰብ አልነበረም። ገላነሽ የተማሩት መምህሩ ቤታቸው ውስጥ ስለነበሩ ነው። ከእሳቸው ታሪክ የምረዳው፣ ጥበቡን የከለከለው የሴት ልጅ አእምሮ ሳይሆን መንገዱና ማደሪያው እንደ ነበረ ነው። ዛሬ ከተማ ውስጥ ያ መንገድ አጥሯል፤ ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁ።

የአቋቋሙ ትምህርት ሰውነትንም ይጨምራል። ቁም ዜማ፣ ዝማሜ፣ መረግድ፣ ጽፋት፣ ወረብ እየተባለ ደረጃ አለው፤ መጀመሪያ መሣሪያ የሌለው ዜማ፣ ቀጥሎ መቋሚያ፣ ከዚያ ጸናጽልና ከበሮ። እዚህ ላይ መምህራኑ የተለያየ ስልት አላቸው፤ የጎንደር ላይ ቤትና ታች ቤት አሉ፣ ተክሌም አለ። ተክሌ የተባለው ስልት ታሪኩ የመምህርና የተማሪን ጉዳይ በደንብ ያሳያል። በቀልዳቸው የምናውቃቸው አለቃ ገብረ ሐና ታላቅ የአቋቋም ሊቅ ነበሩ። የጣናን ውኃና የዳሩን ሸምበቆ ውዝዋዜ አይተው አዲስ የዝማሜ ስልት እንዳወጡ ይነገራል። የጎንደር ሊቃውንት ግን አልተቀበሏቸውም። አለቃ ስልቱን ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩ፤ ተክሌም ደብረ ታቦር ላይ አስፋፋው፣ ስሙንም ሰጠው። ጉባኤው ያልተቀበለው አዲስ ነገር እንኳ የሚተርፈው፣ አንድ ሰው ከአንድ ሰው በሚገባ ከተቀበለው ብቻ ነው።

ትምህርቱ ሲያልቅ ዲፕሎማ በፖስታ አይመጣም። ተማሪው ያስመሰክራል። ለድጓ የታወቀው የምስክር ቦታ በጋይንት ያለችው ቤተ ልሔም ናት፤ ለዝማሬና መዋሥዕት ዙር አምባ፣ ለአቋቋም ጎንደር በአታ። ሌላ ቦታ የተማረም ቢሆን፣ እዚያ ሄዶ በመምህራኑ ፊት ተፈትኖ ይታረማል። ይህ ሥርዓት ሰፊ አገር ላይ የተበተኑ ጉባኤ ቤቶችን በአንድ ቃና ያቈየ ነው። ልደታ ላይ ጎን ለጎን የቆሙት ሊቃውንት መቋሚያቸው እኩል የሚነሣው የመምህራቸው መምህር አንድ ቦታ ስላስመሰከረ ነው። ሊቃውንቱ ሲገናኙም መጀመሪያ የሚጠያየቁት «ከማን ተማርህ?» ነው።

በገናው እንዴት ተረፈ

ወደ አዲስ አበባ ስንመጣ፣ ስለ አንድ ሰንሰለት መናገር ግድ ይላል። በገና 10 አውታር ያለው፣ አውታሩ ከበግ አንጀት የሚሠራ፣ ድምፁ የሚነዝር የጸሎት መሣሪያ ነው። ንዝረቱ የሚመጣው እንዚራ ከተባሉት፣ በአውታሩና በብርኩማው መካከል ከሚገቡት ትንንሽ ቆዳዎች ነው። በፊት መኳንንትና ወይዛዝርት ይደረድሩት ነበር፤ እቴጌ ጣይቱም በገና ደርዳሪ ነበሩ።

እንጦጦ የተወለዱት ዓለሙ አጋ ልጅ ሳሉ፣ አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል የሚባሉ የበገና ሊቅ ጎረቤት ሆነው መጡ። ልጁ በ12 ዓመቱ ገደማ መማር ጀመረ። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ጂኦግራፊ ቢያጠኑም በገናውን አልተዉም። በኋላም በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ለሰባት ዓመታት በገና አስተማሩ። በደርግ ዘመን ግን መንፈሳዊ ዜማ ከሬዲዮ ጠፋ፣ የበገና ትምህርቱም ቆመ። በገናውን ያን ዘመን ያሻገረው በየቤቱ የተቀመጡ ጥቂት ደርዳሪዎች ዕውቀት ነው። በፈረንሳይ በሚታተመው ኢትዮጲክስ በተባለው ተከታታይ የሙዚቃ አልበም ውስጥም 11ኛው ቅጽ የመጋቤ ስብሐት ዓለሙ አጋ ሆኖ ወጣ። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ በየሰንበት ትምህርት ቤቱና በየማሠልጠኛው በገና የሚማሩ ወጣቶች ብዙ ናቸው፤ ሴቶችም በብዛት አሉ።

በበገና ትምህርት ጀማሪው መጀመሪያ መዝሙር አይማርም። ጣቶቹን ይማራል። አውታሮቹ በቍጥር ይጠራሉ፤ መምህሩ የጣት ቅደም ተከተል ይሰጠዋል፣ እርሱም እጁ እስኪለምደው ድረስ ይመላለስበታል። ከዚያ በገናውና ድምፁ ይገናኛሉ። ይህን ሁሉ ከቪዲዮ ሊለምደው ይችላል። ቅኝቱን ግን አይችልም። የአንጀት አውታር በብርድና በሙቀት ይለወጣል፤ ትናንት የተቃኘ በገና ዛሬ ይወጣል። ጀማሪ እንደወጣ አያውቅም። መምህሩ ተቀብለው፣ መቃኛውን አዙረው፣ እንዚራውን ጥቂት ወደ ኋላ ገፍተው ይመልሱለታል። ከጊዜ በኋላ ተማሪው ራሱ «ወጥቷል» ማለት ይጀምራል። ያን ቀን መምህሩ ግማሽ ሥራቸውን ጨርሰዋል።

ስለዚህ «ቀርጸን ብናስቀምጠውስ?» ለሚለው ጥያቄ መልሴ፣ መቅረጽ መልካም ነው፣ ይቀረጽ የሚል ነው። አለቃዎቹ ሲያልፉ ድምፃቸው መቅረቱ ታላቅ ነገር ነው። ስልክ ላይ ወረብ እያዳመጠ የሚያጠና ወጣት ሳይ ደስ ይለኛል። ነገር ግን የተቀረጸው ድምፅ አያዳምጠንም። ተማሪው ምንም ቢሳሳት ያው መዝሙር ይቀጥላል። ማረም የሚችለው ሕያው ጆሮ ብቻ ነው። ገንዘብና ትኵረት ያለው ሁሉ ወደ ካሜራው ከሮጠ፣ ወንበሩ ላይ ያሉት ሰው ይረሳሉ።

ወንበሩን ማን ይመግበዋል?

እስካሁን ስለ ዘዴው ተናገርኩ። ዘዴው የቆመበትን እንጀራ ካላነሣሁ ግን ግማሹን ደበቅሁ ማለት ነው።

በድሮው ሥርዓት መምህሩም ደብተራውም የሚኖሩት ቤተ ክርስቲያን ከነበራት መሬት ነበር። አገልጋዩ ለአገልግሎቱ መሬት ይቈረጥለታል፣ ከዚያ ይበላል፣ ከዚያ ያስተምራል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሀብት ሲሆን ይህ ሥርዓት ተቋረጠ። አዋጁ ለገበሬው ያደረገው በጎ ነገር አለ፤ ለጉባኤ ቤቱ ግን የሚተካ ነገር አልተዘጋጀም። መምህሩ ወንበር ላይ ቀሩ፣ ሥሩ ተነቀለ።

ተማሪው ደግሞ የሚኖረው በሕዝቡ ነው። አኮፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ገበሬው ካለችው ይቈርሳል። ልመናው ተማሪውን ትሑት ያደርገዋል ይባላል፤ ያደርገዋልም። ረኀብ፣ የውሻ ንክሻ፣ በሽታም አብሮት አለ፤ ይህን አድምቆ የሚያወድሰው ያላየው ሰው ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሰሜኑን ያመሰው ጦርነትና ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ደግሞ፣ ቤተ ልሔምና ጎንደር የሚያደርሰውን መንገድ አስፈሪ አድርጎታል። ከቤት ወደ ቤት፣ ከደብር ወደ ደብር መሄድ ለዚህ ትምህርት ዋና ነገር ነው፤ መንገድ ሲዘጋ ጉባኤ ይዘጋል።

ከተማው ሌላ ፈተና አለው። ልደታ ከ2000 ዓ.ም. በኋላ ከአዲስ አበባ ሰፈሮች ሁሉ ቀድመው መልሶ ማልማት ከተካሄደባቸው አንዷ ናት። የቀበሌ ቤቶቹ ፈርሰው ኮንዶሚኒየምና ፎቅ ተተከለ። ለብዙ ሰው ውኃና መጸዳጃ ያለው ቤት ማግኘት ትልቅ ለውጥ ነው። ለቆሎ ተማሪ ግን አጥሩ ዝቅ ያለ ግቢና ደጃፉ ላይ የምትቀመጥ እናት አብረው ጠፉ። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ቤት ደጅ የለውም፤ ዘበኛውም አያስገባም። ርካሽ የኪራይ ክፍል አግኝቶ ደብሩ አጠገብ ማደርም ከበደ። ስለዚህ ከገጠር የመጣ የዜማ ተማሪ ሎተሪ ያዞራል፣ ጥበቃ ይቀጠራል፣ የቀን ሥራ ይሠራል። ማታ ደክሞት የሚቀጽለው ምን ያህል ነው?

በሌላ በኩል የከተማ አድባራት ደመወዝ ስለሚከፍሉ፣ የበሰሉ ሊቃውንት ከገጠር ጉባኤ ቤት ወደ አዲስ አበባ ይመጣሉ። መምጣታቸው አይፈረድም፤ ልጆች አሏቸው። እዚህ ሲደርሱ ግን በአብዛኛው ለአገልግሎት ይቀጠራሉ እንጂ ወንበር ዘርግተው እንዲያስተምሩ አይደለም። ከተማው የደረሰውን ፍሬ ይበላል፣ ችግኙን የሚተክል ግን ጥቂት ነው። እንደ ማኅበረ ቅዱሳን ያሉ ማኅበራት ለአብነት ትምህርት ቤቶች የሚያደርጉት ድጋፍ ይህን ጎዶሎ ለመሙላት የሚደረግ ጥረት ነው፤ የሁላችንም ጉዳይ መሆን ያለበት ግን ይመስለኛል።

ሌሎች አገሮች ምን አደረጉ? ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1950 ባወጣችው የባህል ቅርስ ጥበቃ ሕግ መሠረት፣ በአንድ ጥበብ የላቁ ሰዎችን መርጣ ለእያንዳንዳቸው በዓመት 2 ሚሊዮን የን ትሰጣለች። ሕዝቡ «ሕያው የአገር ሀብት» ይላቸዋል። ገንዘቡ ሙያቸውን እንዲያጎለብቱና ተተኪ እንዲያሠለጥኑበት ነው። ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ1962 ተመሳሳይ ሕግ አወጣች። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ቅርሱ በሰው ውስጥ ካለ፣ ሰውየውንና ከእርሱ የሚማረውን አብረህ ደግፍ።

ኢትዮጵያ መስቀልን እ.ኤ.አ. በ2013፣ ጥምቀትን በ2019 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ አስገብታለች። ሁላችንም ኰርተንበታል። ሁለቱም በዓላት ግን ድምፃቸውን የሚያገኙት ከጉባኤ ቤት ነው። ጃን ሜዳ ላይ የሚያሸበሽበው ሊቅ የተማረበት ጎጆ በመዝገቡ ላይ ስሙ የለም። በዓሉ የሚመዘገበውና የሚጎበኘው በአደባባይ ስለሚታይ ነው፤ ትምህርቱ የሚካሄደው ማንም በማያይበት ነው። መንግሥትም ሆነ ደብር ለቅርስ ጥበቃ ገንዘብ ሲመድብ፣ የአንድ የድጓ መምህር ቀለብና የጥቂት ተማሪዎች ማደሪያ ከዐውደ ርዕይና ከፊልም ይቀድማል ብዬ አምናለሁ። ወጪውም ያን ያህል የሚያስፈራ አይደለም።

በባዕድ አገር ያለው ታሪካችን ይህንኑ ያረጋግጣል። እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካ ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ድጋፍ ተቋም ለባህላዊ ጥበብ ሊቃውንት የሚሰጠውን ታላቁን ክብር ካገኙት መካከል በቨርጂኒያ የሚኖሩት ሊቀ መዘምራን ሞገስ ሥዩም ይገኙበታል። በዋሽንግተን አካባቢ ለተወለዱ የኢትዮጵያ ልጆች ዜማ ሲያስተምሩ የቈዩ ሊቅ ናቸው። እዚያ ቆሎ ተማሪ የለም፣ ጎጆ የለም፣ ልጁ ከእንግሊዝኛ ትምህርት ቤት ይመጣል። የተለወጠው ብዙ ነው። ያልተለወጠው፣ የሚያዳምጥና የሚያርም አንድ ሰው ፊቱ መቀመጡ ነው። ስለዚህ ጎጆውና ልመናው የጥበቡ ሥር ናቸው ብለን መፍራት አያስፈልገንም፤ ተማሪው ጠግቦ አድሮ፣ ቀን ዘመናዊ ትምህርት ተምሮ፣ ማታ የኔታ ፊት ቢቀመጥ ዜማው አይጎድልበትም።

ልደታም ሆነ ሌላ ሰፈር ላለ፣ ልጁን ማስተማር ለሚፈልግ ወላጅ ጥቂት ነገር ልበል። መጀመሪያ የሚጠየቀው የደብሩ ሰንበት ትምህርት ቤት ነው፤ በብዙ አድባራት ወረብና በገና ከሥራና ከትምህርት ሰዓት ውጭ ይሰጣሉ፣ ለሴቶች ልጆችም በሩ ክፍት ነው። እማሆይ ገላነሽ ቤታቸው ውስጥ መምህር ስለነበራቸው ያገኙትን ዕድል፣ ዛሬ የሰፈር ልጅ በእግሯ ሄዳ ልታገኘው ትችላለች። መምህሩን «ከማን ተማሩ?» ብሎ በአክብሮት መጠየቅ ነውር የለውም፤ የሚያውቅ ሰው ይህን ጥያቄ ይወደዋል፣ የመምህሩን ስም በደስታ ይጠራል። የተማሪው ብዛት ይታይ፤ ብዙ ልጅ በአንድ ላይ እየጮኸ መምህሩ አንዱንም ለይተው የማይሰሙበት ቦታ ዜማ አይገኝም። በገና ለመግዛትም አይጣደፉ፤ መጀመሪያ መምህሩ ይምረጡለት፣ የቆዳውንና የአውታሩን ጥራት ጀማሪ አይለይም። ክፍያ ካለ በጊዜው ይከፈል። ከሁሉ በላይ ልጁ ለረጅም ጊዜ አንድ ቀለም ላይ ቢቆይ አይጨነቁ፤ መምህሩ ወደ ሚቀጥለው ያላሳለፉት የሚሰሙት ነገር ስላለ ነው።